ቨርቹዋል የንፋስ ተርባይን ዲዛይን ውድድር እንዴት ይሰራል፦ ከህጉ ንባብ እስከ ፋይል መላክ ደረጃ በደረጃ

በኦንላይን የንፋስ ተርባይን ዲዛይን ውድድር ተመዝግበው መሀል ላይ የሚያቋርጡ፣ ወይ ደሞ እስከመጨረሻው ሄደው ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኙ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም። ችግሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀን ሶፍትዌር ያወርዳሉ፣ ብሌድ (የተርባይኑን ክንፍ) መሳል ይጀምራሉ፣ ለአይን የሚያምር ሞዴል ይወጣል፣ ከዛ ሲሙሌሽኑ አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል ቁጥሩ ትክክል ይሁን አይሁን ግን የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ዳኛው "ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?" ብሎ ሲጠይቅ "ሶፍትዌሩ ነው የሰጠን" ይላሉ፣ በቃ እዛ ላይ ነጥቡ ይሄዳል።

ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የቆሙት በአንድ ህግ ላይ ነው፦ ሶፍትዌር ውስጥ ምንም ነገር ከማስገባታችሁ በፊት መልሱ በግምት ስንት አካባቢ እንደሚሆን በወረቀት አስሉ። ደረጃ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- ስፕሬድሺት። ኤክሴልም ይሁን ሌላ ለውጥ የለውም፣ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙት ይሄን ነው።
- ኪውብሌድ። በርሊን ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የተርባይን ዲዛይን ሶፍትዌር ነው፣ በነጻ የሚወርድ ቨርዥን አለው፣ የኤርፎይል (ብሌዱ ተቆርጦ በጎን ሲታይ ያለው ቅርጽ) ትንተና የሚሰራው ኤክስፎይልም አብሮት አለ።
- ውድድሩ የንፋስ እርሻ ማቀድ ከሆነ ፍሎሪስ (ተርባይኖች አንዱ የሌላውን ንፋስ ሲከልሉ የሚጠፋውን የሚያሰላ) እና ሳም (ኢነርጂና ወጪ የሚያሰላ)፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው።
- አንድ የጋራ ፎልደር እና አንድ የጋራ የለውጥ መዝገብ። መዝገቡን ደረጃ 8 ላይ እናየዋለን።

አዘጋጆቹ የራሳቸው ሲሙሌተር ካላቸው ነጥብ የሚሰጠው በነሱ ስለሆነ የመጨረሻው ሩጫ እዛ ላይ ይሁን፣ ኪውብሌድን ለማረጋገጫ ተጠቀሙበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦፕንፋስትን የመሰለ ከባድ የተርባይን ሲሙሌሽን ሶፍትዌር መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ጥሩ መሳሪያ ነው፣ ግን አንድ የተሳሳተ መስመር ፍለጋ ሳምንት ሊበላባችሁ ይችላል። እና ደሞ የቡድኑ አባላት በሙሉ አንድ አይነት ቨርዥን ጫኑ፣ በሌላ ቨርዥን የተሰራ ፕሮጀክት ፋይል አልከፈት ሲል ዴድላይኑ ደርሶ ነው የሚታወቀው።

ደረጃ 1፦ ህጉን ወደ ሰንጠረዥ ቀይሩት

ህጉን ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ አራት አምድ ያለው ሰንጠረዥ ስሩ፦ ምን ይፈለጋል፣ ስንት ነጥብ አለው፣ ገደቡ ምንድነው፣ ማን ይሰራዋል።

1. ውድድሩ የሚለካው ምን እንደሆነ ለዩ። የአመት ጠቅላላ ኢነርጂ ነው? በአንድ የንፋስ ፍጥነት ላይ የሚገኝ ፓወር ነው? ወይስ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ? ሶስቱ ሶስት የተለያየ ተርባይን ነው የሚሰጧችሁ። ለምሳሌ ነጥቡ በዋጋ ከሆነ ትንሽ ኤፊሸንሲ ቀንሶ ቀለል ያለ ብሌድ መስራት ሊያዋጣ ይችላል።
2. ገደቦቹን በቀይ ጻፉ፦ ትልቁ የሮተር (ከነብሌዶቹ የሚዞረው ክፍል) ዳያሜትር፣ የንፋስ ፍጥነት ክልል፣ የታወር ከፍታ፣ የገጽ ብዛት፣ የፋይል አይነት።
3. ዴድላይኑን ወደራሳችሁ ሰዓት ቀይሩ። የኦንላይን ውድድር ላይ "እስከ 11:59" ሲባል የየት ሀገር ሰዓት እንደሆነ ሳያዩ የሚቀሩ አሉ፣ እኩለ ሌሊት ነው ብላችሁ የጠበቃችሁት ቀትር ላይ አልፎ ሊሆን ይችላል።
4. የሁለት አይነት ውድድር ህግ አታቀላቅሉ። አንዱ ተርባይን ራሱን ዲዛይን ማድረግ ነው፣ ሌላው ዝግጁ ተርባይኖችን መሬት ላይ መደርደር ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ዲፓርትመንት በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮሌጂየት ዊንድ ኮምፒቲሽን ለምሳሌ ሁለቱም አይነት ስራ አለበት፣ ነጥባቸው ግን ለየብቻ ነው።

ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ፦ አትገምቱ፣ ለአዘጋጆቹ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱንም ሴቭ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ስራ ተከፋፈሉ

ይሄ አጭር ነው። አንድ ፋይል አንድ ባለቤት ይኑረው። ኤሮዳይናሚክስ አንድ ሰው፣ ስትራክቸርና ጀነሬተር አንድ ሰው፣ ሪፖርት አንድ ሰው፣ የንፋስ ዳታና ወጪ አንድ ሰው። ፋይል ስትሰይሙ ቀንና ቁጥር አስገቡ፣ "የመጨረሻ" "የመጨረሻ እውነተኛው" የሚባል ስም አይኑር።

ደረጃ 3፦ የንፋሱን ዳታ አስተካክሉ

ብዙ ቡድን አማካይ የንፋስ ፍጥነት ይወስድና ፓወር ያሰላል። ይሄ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ፓወር የሚያድገው በፍጥነቱ ኪዩብ ነው፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፓወሩ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ግማሹን ጊዜ በ4፣ ግማሹን ጊዜ በ8 ሜትር በሰከንድ የሚነፍስ ቦታ እንውሰድ። አማካዩ 6 ነው፣ የ6 ኪዩብ ደሞ 216 ነው። የ4 ኪዩብ 64፣ የ8 ኪዩብ 512፣ የሁለቱ አማካይ ግን 288። አያችሁ፣ በአማካዩ ብቻ ያሰላ ቡድን ንፋሱ ውስጥ ካለው ኢነርጂ አንድ አራተኛውን ጥሎታል።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የንፋስ ፍጥነት ስርጭት ፈልጉ፣ ማለትም በአመት ውስጥ ስንት ሰዓት በ3፣ ስንት ሰዓት በ4፣ ስንት ሰዓት በ5 እያለ የሚሄድ። ከሌለ ዋይቡል ስርጭት (ከአማካይ ፍጥነት ተነስቶ ሰዓቶቹን የሚገምት ቀመር) ተጠቀሙ፣ ሼፕ ፋክተሩ (የስርጭቱን ቅርጽ የሚወስነው ቁጥር) ካልተሰጣችሁ 2 መውሰድ የተለመደ ነው፣ እንደወሰዳችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉ።
2. ከፍታ አስተካክሉ። ዳታው በ10 ሜትር ከፍታ የተለካ ከሆነና ሃባችሁ (ብሌዶቹ የሚገጠሙበት መሀል) 100 ሜትር ላይ ከሆነ የከፍታዎቹን ሬሾ በ0.143 ኤክስፖነንት አንሱና በፍጥነቱ አባዙ። 10 በ0.143 ሲነሳ 1.39 ነው፣ ስለዚህ በ10 ሜትር 5 የነበረው በ100 ሜትር ወደ 6.9 ይሆናል። 0.143 ለገላጣ ሜዳ ነው፣ ደን ወይም ህንጻ ያለበት ቦታ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል።
3. የአየር ዴንሲቲ አስተካክሉ። በባህር ጠለል በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.225 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 1.007 ይወርዳል። ይሄ 18 በመቶ የፓወር ቅነሳ ነው፣ ሶፍትዌሩ ደሞ ራሱ አያስተካክልላችሁም።

ቦታውን ራሳችሁ የምትመርጡ ከሆነ ግሎባል ዊንድ አትላስ ጥሩ መነሻ ነው፣ የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ከአለም ባንክ ጋር ያዘጋጀው ነጻ ካርታ ነው። ኢአርኤ5 የሚባለው የአለም የአየር ሁኔታ ዳታም በየሰዓቱ ስለሚሰጥ ጠቃሚ ነው፣ ግን አንዱ የካርታው ሳጥን ወደ 31 ኪሎሜትር ስለሆነ ተራራና ሸለቆን አንድ ላይ ይደመስሳቸዋል፣ ተራራማ ቦታ ላይ ብቻውን አትመኑት።

ቁጥሩ ካልጣማችሁ፦ የሁለት ምንጭ አማካይ ፍጥነት በተመሳሳይ ከፍታ አወዳድሩ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ አብዛኛው ጊዜ አንዱ በ10 ሜትር ሌላው በ100 ሜትር ሆኖ ነው፣ ወይ ደሞ ዩኒቱ ኖት ወይም ኪሎሜትር በሰዓት ሆኖ ነው።

ደረጃ 4፦ በወረቀት አስሉ

ከዚህ ወረቀት ነው በኋላ ሶፍትዌሩን የምትፈትኑት፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ራዲየሱ 1 ሜትር የሆነ ባለሶስት ብሌድ ተርባይን በ8 ሜትር በሰከንድ ንፋስ እንይ።

1. ስፋት፦ 3.14 × 1 × 1 = 3.14 ስኩዌር ሜትር።
2. ንፋሱ ውስጥ ያለው ፓወር፦ 0.5 × 1.225 × 3.14 × 512 = 985 ዋት ገደማ።
3. ጣሪያው፦ ቤትዝ ሊሚት (ሮተር ከንፋሱ ፓወር ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ድርሻ) 59.3 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ከ584 ዋት በላይ የሚል ማንኛውም ውጤት ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ ምንም ይበል።
4. ምክንያታዊ ግምት፦ በዚህ መጠን ላለ ጥሩ ሮተር ሲፒ (ሮተሩ ከንፋሱ ፓወር የሚይዘው ድርሻ) 0.40 ውሰዱ፣ 394 ዋት። ጀነሬተሩ 85 በመቶ ከሆነ ወደ 335 ዋት ነው የሚወጣው።
5. ፍጥነት፦ ቲፕ ስፒድ ሬሾ (የብሌዱ ጫፍ ፍጥነት በንፋሱ ፍጥነት ሲካፈል) ምረጡ። ለባለሶስት ብሌድ ከ6 እስከ 8 መሀል የተለመደ ነው፣ እኛ 6 እንውሰድ። 6 × 8 ÷ 1 = 48 ራዲያን በሰከንድ፣ ወደ ዙር ሲቀየር በደቂቃ 458 ዙር ይሆናል።

ይሄን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ ኤርፎይል ምረጡ

እዚህ ላይ የብዙ ቡድን ዲዛይን ሳያውቁት ይበላሻል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የሊፍትና ድራግ (ብሌዱን የሚገፋውና የሚጎትተው የአየር ኃይል) ግራፍ ብዙ ጊዜ ለትልቅ ሬይኖልድስ ቁጥር (የአየሩን ፍጥነትና የብሌዱን ስፋት አጣምሮ የሚገልጽ ቁጥር) የተሰራ ነው፣ ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ወይም 3 ሚሊዮን። የትንሽ ተርባይን ብሌድ ግን እዛ አይደርስም። ግምቱ ቀላል ነው፦ የአየሩ ፍጥነት ብሌዱ ላይ × ኮርድ (የብሌዱ ወርድ በሜትር) × 68,000። ለኛ ተርባይን ከመሀል ወደ ጫፍ ስንሄድ 0.75 ሜትር ላይ ፍጥነቱ 36 ሜትር በሰከንድ፣ ኮርዱ (በደረጃ 6 ቀመር) ወደ 6.7 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ ሬይኖልድስ ቁጥሩ 160,000 አካባቢ ይሆናል። በ1 ሚሊዮን ግራፍ ከሰራችሁ ድራጉን አሳንሳችሁ፣ ፓወሩን አጋናችሁ ማለት ነው።

1. ሬይኖልድስ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ገምቱ።
2. ለዛ ክልል የተሰሩ ኤርፎይሎችን እዩ። ኤስጂ6043 ለትናንሽ ተርባይኖች ተብሎ የተሰራ ነው። ናካ 4412 ደሞ ለመማር ምቹ ነው ብዙ ዳታ ስላለው።
3. የኮኦርዲኔት ፋይሉን ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኤርፎይል ዳታቤዝ አውርዱ፣ ከ1,600 በላይ ኤርፎይል አለው።
4. ኤክስፎይል ውስጥ በራሳችሁ ሬይኖልድስ ቁጥር አየሩ ኤርፎይሉን የሚመታበትን አንግል ከ0 ዲግሪ ጀምሩ፣ በ0.5 ዲግሪ እየጨመራችሁ ሩጡ።
5. ሊፍት በድራግ ሲካፈል ትልቁን የሚሰጠውን አንግል ጻፉ፣ የዲዛይን አንግላችሁ እሱ ነው። ስቶል (አየሩ ከብሌዱ ተላቆ ሊፍቱ የሚወድቅበት) ከሚጀምርበት ቢያንስ ሁለት ሶስት ዲግሪ መራቁን እዩ፣ ንፋስ አንድ ቦታ አይቆምም።

ኤርፎይሉ ተጠላልፎ ከታየ፦ የነጥቦቹ ቅደም ተከተል ነው። አንዳንድ ፋይል ከኋላ ጫፍ ተነስቶ በላይ በኩል ዞሮ በታች ይመለሳል፣ ይሄ ትክክለኛው ነው። ሌላው ደሞ የላዩን ከፊት ወደ ኋላ፣ የታቹንም ከፊት ወደ ኋላ ይዘረዝራል፣ የዚህን አይነት የላዩን ዝርዝር ገልብጡና አንድ ላይ አስቀጥሉት፣ የሚደገመውን የፊት ነጥብ አንዱን አጥፉ።

ኤክስፎይል ኮንቨርጅ አላደርግም (ስሌቱ ወደ አንድ መልስ አልደርስም) ካለ፦ እርምጃውን ወደ 0.25 ዲግሪ ቀንሱ፣ የፓኔሉን (ቅርጹ የሚከፈልባቸውን ቁርጥራጮች) ብዛት ጨምሩ፣ ኔጋቲቭ አንግሎቹን ለብቻ ከ0 ወደታች ሩጡ። ስቶል አልፎ ጥቂት ነጥብ ቢጎድል ችግር የለውም፣ መሀል ላይ ከጎደለ ግን አትለፉት።

ደረጃ 6፦ የብሌዱን ቅርጽ አውጡ

ሮተሩ ሲዞር ጫፉ በፍጥነት ይሄዳል፣ ስሩ (መሀሉ አጠገብ ያለው የብሌዱ ክፍል) በዝግታ፣ ስለዚህ አየሩ በየቦታው በተለያየ አንግል ነው የሚመጣው፣ ትዊስት (ብሌዱ ከስሩ እስከ ጫፉ መጠማዘዙ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስፕሬድሺት ላይ ብሌዱን ቢያንስ 10 ቦታ ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ ይሄን ስሩ፦

1. የቦታው ስፒድ ሬሾ = ቲፕ ስፒድ ሬሾ × ርቀት (ከሮተሩ መሀል) ÷ ራዲየስ።
2. የአየሩ አንግል = ሁለት ሶስተኛ × አርክታንጀንት (1 ÷ የቦታው ስፒድ ሬሾ)።
3. ኮርድ = 8 × ፓይ × ርቀት × (1 − ኮሳይን የአየሩ አንግል) ÷ (የብሌድ ብዛት × ሊፍት ኮኤፊሸንት)። ሊፍት ኮኤፊሸንቱን ከደረጃ 5 ውጤት በዲዛይን አንግላችሁ ላይ አንብቡት።
4. ትዊስት = የአየሩ አንግል − የዲዛይን አንግል።

ሊፍት ኮኤፊሸንት 1.0 የዲዛይን አንግል 5 ዲግሪ ብለን ለኛ ተርባይን ሶስት ቦታ ሰርቼላችኋለሁ፣ ስፕሬድሺታችሁን በነዚህ ፈትኑት፦

- በ0.2 ሜትር፦ የአየሩ አንግል 26.5 ዲግሪ፣ ኮርድ 17.7 ሴንቲሜትር፣ ትዊስት 21.5 ዲግሪ።
- በ0.5 ሜትር፦ የአየሩ አንግል 12.3 ዲግሪ፣ ኮርድ 9.6 ሴንቲሜትር፣ ትዊስት 7.3 ዲግሪ።
- በ1 ሜትር፦ የአየሩ አንግል 6.3 ዲግሪ፣ ኮርድ 5.1 ሴንቲሜትር፣ ትዊስት 1.3 ዲግሪ።

ቁጥራችሁ ከዚህ በጣም ከራቀ መጀመሪያ የምታዩት ራዲያንና ዲግሪን ነው። ስፕሬድሺት አርክታንጀንት ሲሰራ መልሱን በራዲያን ነው የሚሰጠው፣ ኮሳይንም የሚቀበለው በራዲያን ነው፣ ዲግሪ የምትቀይሩት መጨረሻ ላይ ትዊስቱን ስታወጡ ብቻ ነው። በ0.5 ሜትር ላይ የአየሩ አንግል 0.2145 ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ ራዲያን ነው።

ስሩ አካባቢ ኮርዱ በጣም ይሰፋል። እዛ ላይ ቀንሱት፣ የሚጠፋው ፓወር ትንሽ ነው፣ የሚቀነሰው ማቴሪያል ግን ብዙ ነው። እንደቀነሳችሁና ለምን እንደሆነ ግን መዝገቡ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ሲሙሌሽኑን ሩጡ

ኪውብሌድ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ኤርፎይል ማስገባት፣ ፖላር (የኤርፎይሉ ሊፍትና ድራግ በየአንግሉ) መስራት፣ ፖላሩን ወደ 360 ዲግሪ ማስፋት፣ ብሌድ መስራት፣ ከዛ የሮተር ሲሙሌሽን። 360 ማስፋቱን የሚዘሉ አሉ፣ ያለሱ ግን ሮተሩ አይሮጥም ምክንያቱም ስሩ አካባቢ አየሩ ትልልቅ አንግል ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ የምታዩት ግራፍ ሲፒ ከቲፕ ስፒድ ሬሾ ጋር ያለውን ነው። የደረጃ 4ን ወረቀት ጎን አስቀምጡና አወዳድሩ። የግራፉ ጫፍ 6 አካባቢ ከሆነና ሲፒው ከ0.38 እስከ 0.46 መሀል ከሆነ ቀጥሉ። ካልሆነ፦

- ሲፒ ከ0.593 በላይ ከሆነ፦ አትደሰቱ። ራዲየሱን እዩ፣ የሃቡ ራዲየስ ተደምሮ ይሁን አይሁን አረጋግጡ። ሲሙሌሽኑ ኮንቨርጅ ማድረጉንም እዩ።
- ሲፒ 0.50 አካባቢ ከሆነ፦ ለትንሽ ብሌድ በጣም ያማረ ነው። የፖላሩን ሬይኖልድስ ቁጥር እዩ፣ የቲፕ ሎስ (ብሌዱ ጫፍ ላይ የሚጠፋው ፓወር) ማስተካከያው መብራቱንም እዩ።
- የግራፉ ጫፍ ወደ 4 ከተጠጋ፦ ኮርዱ በጣም ሰፍቷል። ወደ 9 ከሸሸ ደሞ በጣም ቀጥኗል።
- ሲፒው ኔጋቲቭ ወይም ዜሮ አካባቢ ከሆነ፦ የትዊስቱ ምልክት ተገልብጧል። የብሌዱን ምስል ከጫፉ በኩል እዩት፣ ስሩ ወደ ንፋሱ መዞር አለበት።
- ሲሙሌሽኑ ኮንቨርጅ ካላደረገ፦ የኢተሬሽን (የስሌቱ ድግግሞሽ) ብዛት ጨምሩ፣ ሪላክሴሽን ፋክተሩን (በየድግግሞሹ መልሱ የሚለወጥበትን መጠን) ቀንሱ። አሁንም እምቢ ካለ አብዛኛው ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ፖላር ሳይመደብ ቀርቶ ነው።

ከሲፒ ግራፍ ቀጥሎ የፓወር ከርቭ (በየንፋስ ፍጥነቱ የሚወጣው ፓወር) አውጡ፣ ከደረጃ 3 ስርጭት ጋር አባዙና የአመቱን ኢነርጂ ደምሩ። ይሄን ድምር ስፕሬድሺት ላይ ራሳችሁ ስሩት፣ ዳኛ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

ኮርድ፣ ትዊስትና ኤርፎይል አንድ ላይ ለውጦ ሲፒ በ0.02 ቢጨምር የጨመረው በምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መዝገቡ አምስት አምድ ይኑረው፦ ቁጥር፣ ምን ተለወጠ፣ ለምን፣ ውጤት፣ ያዝነው ወይስ ጣልነው። "ለምን" የሚለውን ከሩጫው በፊት ሙሉት። ያልሰራ ሙከራም ይጻፍ፣ አንድ ሀሳብ ለምን እንደተጣለ ማሳየት የቻለ ቡድን ከተሳካለት ግን ማስረዳት ካልቻለ ቡድን የተሻለ ተምሯል፣ ዳኛም ይሄን ይለያል።

መቼ ነው የሚቆመው? የአመቱ ኢነርጂ በሶስት ተከታታይ ለውጥ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ የሚጨምረው አቁሙና ወደ ቀሪው ስራ ሂዱ። ሁለተኛው ዲጂት ላይ ስትጨናነቁ ሪፖርቱ ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ይሰበራል ወይ? ጀነሬተሩስ ይገጥማል?

ስክሪን ላይ ምንም ነገር አይሰበርም፣ ለዛ ነው ተማሪዎች ይሄን የሚረሱት። ክብደቱ 1 ኪሎ የሆነ ብሌድ ሴንተሩ 0.4 ሜትር ላይ ቢሆን በ48 ራዲያን በሰከንድ ሲዞር 48 × 48 × 0.4 × 1 = 922 ኒውተን ነው የሚጎትተው፣ 94 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ጀነሬተሩ ከመስመር ቢወጣና ሮተሩ ያለ ጭነት ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብሬኩ ወይም የፍጥነት መቆጣጠሪያው ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ፣ ስሩ ላይ ያለውን ስትረስ በዚህ በከፋው ሁኔታ አስሉ።

ጀነሬተር ስትመርጡ ዙሩን እዩ። ሮተራችሁ በ458 ዙር የሚሰራ ከሆነ በ1,500 ዙር የሚሰራ ጀነሬተር በቀጥታ አይገጥምም። ወይ ጊር ቦክስ ጨምሩና ኪሳራውን ቁጠሩ፣ ወይ በዝቅተኛ ዙር የሚሰራ ባለማግኔት ጀነሬተር ምረጡ።

ደረጃ 10፦ ውድድሩ የንፋስ እርሻ ከሆነ

ከደረጃ 4 እስከ 9 ያለውን በዚህ ተኩት፣ ደረጃ 3ን ግን በደንብ ስሩት፣ የንፋሱን አቅጣጫም ጨምሩበት።

1. ተርባይን ምረጡ። ሙሉ ዳታው ክፍት የሆነ ሪፈረንስ ተርባይን ይቀላል፣ ለምሳሌ ባለ5 ሜጋዋቱ የኤንአርኢኤል (የአሜሪካ የታዳሽ ኢነርጂ ላቦራቶሪ)፣ ሮተሩ 126 ሜትር፣ ሃቡ 90 ሜትር ላይ፣ ሙሉ ፓወር የሚደርሰው በ11.4 ሜትር በሰከንድ።
2. መጀመሪያ ዋናው ንፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ 7 ዳያሜትር፣ ወደጎን 4 ዳያሜትር አራርቁ። ለዚህ ተርባይን 882 እና 504 ሜትር ነው። ከዛ በኋላ ነው ማስተካከል።
3. ፍሎሪስ ላይ የዌክ ኪሳራውን (የፊተኛው ተርባይን ንፋሱን ስለሚያደክም ከኋላ ያለው የሚያጣውን) አስሉ።
4. መንገዱን፣ የመኖሪያ ቤት ርቀቱን፣ የማስተላለፊያ መስመሩን ካርታ ላይ አስገቡ፣ ከዛ ሳም ላይ ወጪውን ስሩ።

ማረጋገጫው ካፓሲቲ ፋክተር ነው፣ ማለትም የሚመረተው ኢነርጂ አመቱን ሙሉ በሙሉ ፓወር ቢሰራ ከሚመረተው ስንት በመቶ እንደሆነ። 5 ሜጋዋት × 8,760 ሰዓት = 43.8 ጊጋዋት ሰዓት ነው፣ በ35 በመቶ ደሞ 15.3። መሬት ላይ ላለ እርሻ 70 በመቶ ከመጣላችሁ ወይ ንፋሱ ሁለቴ ከፍታ ተስተካክሎለታል ወይ ኪሳራ አልተቀነሰም። የዌክ ኪሳራው ዜሮ ከሆነ ደሞ ሞዴሉ ጠፍቶ ነው፣ ወይ የንፋሱን አቅጣጫ አንድ ብቻ አስገብታችኋል።

ደረጃ 11፦ ሪፖርትና ፕረዘንቴሽን

1. እያንዳንዱ ግራፍ ዩኒት ይኑረው፣ ስሩም አንድ አረፍተ ነገር "ስለዚህ ይሄን ወሰንን" የሚል ይኑር። የሶፍትዌር ስክሪንሹት ብቻ መደርደር አይረዳችሁም።
2. የወሰዳችሁትን ግምት በሙሉ አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጡ፦ ዴንሲቲ፣ ሼፕ ፋክተር፣ የከፍታ ማስተካከያ፣ የጀነሬተር ኤፊሸንሲ።
3. በወረቀት ያሰላችሁትንና ሶፍትዌሩ የሰጠውን ጎን ለጎን አሳዩ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አብራሩ።
4. ጥያቄና መልሱን ተለማመዱ። አንዱ የሌላውን ክፍል እንዲያስረዳ አድርጉ፣ ኤሮዳይናሚክስ የሰራው ሰው ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሌላው መመለስ አለበት።

የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ፦ "አልፈተንነውም፣ ብንፈትነው በዚህ መንገድ ነበር" በሉና መንገዱን ንገሯቸው። የሌለ ቁጥር አትፍጠሩ፣ ዳኞቹ ብዙ ጊዜ የሙያው ሰዎች ናቸው፣ ወዲያው ይይዟችኋል።

ደረጃ 12፦ ፋይሉን ላኩ

ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ሙሉ ቅጂ አፕሎድ አድርጉ፣ ማሻሻያ ካለ በኋላ ይተካል። ቪዲዮ ካለ የፋይል መጠን ገደቡን ቀድማችሁ እዩ። ሊንክ የምትልኩ ከሆነ ፐርሚሽኑን አስተካክሉና ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት፣ ፒዲኤፉ ውስጥ ያሉት ፎርሙላዎችና የግዕዝ ፊደሎች ሳይበላሹ መታየታቸውንም በዛው ስልክ ላይ እዩ። የማረጋገጫ ኢሜይል ካልደረሳችሁ ስፓም እዩ፣ እዛም ከሌለ የላካችሁበትን ስክሪንሹት አያይዛችሁ ዴድላይኑ ሳያልፍ ለአዘጋጆቹ ጻፉ።